ጭሱ የማን ነው?

ሰው ስለ ሠራው ሥራ በተጠየቀ ጊዜ፥ ሥራው መልካም ከሆነ «የእኔ ነው» ለማለት ይፈጥናል፤ ክፉ ከሆነ ግን ሌላ ባለቤት ለማግኘት ዙሪያውን ይመለከታል። ይህ ጠባይ ከአባታችን ከአዳም የወረስነው ነው። አዳም በሔዋን አመካኘ፤ ሔዋንም በእባብ አመካኘች፤ ሆኖም በማመካኘታቸው ከፍርድ አላመለጡም። በዚያ ጊዜ ግን በዳዮቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ በደሉን ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት ቀላል ነበረ። በዳዮቹ ብዙ ሺሕ ሲሆኑ፥ እያንዳንዱም ያደረገው እጅግ ጥቂት ሲሆን፥ ተጐጂው ግን እስከ ሞት ድረስ ሲጐዳ በደሉ የማን ይባላል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው በልቡናዬ ያደረው በተማሪነቴ ዘመን ነው። ቅኔ ለመማር ከአገሬ ወጥቼ ከአንድ መምህር ጉባኤ በገባሁ ጊዜ፥ ግቢውን መጥረግና ጥራጊውን ማቃጠል ለደቀ መዛሙርት በተራ የሚደርስ ሥራ ነበረ። ተራው የእኔ በሆነበት በአንድ ጧት ቅጠሉንና ገለባውን፥ ያረጀውንም ደበሎ ሰብስቤ ከአጥሩ ሥር እሳት ለኰስሁበት። ነፋሱም ጭሱን እየነዳ ከአጥር ማዶ ወደ ነበረችው ወደ አንዲት አሮጊት መነኲሴ ጐጆ አስገባው። እማሆይ እየሳሉ በዘንጋቸው ተደግፈው ወደ ደጅ ሲወጡ የኔታ አዩአቸውና ሁላችንን ጠርተው «ጭሱ የማን ነው?» አሉ። እኔም ጥፋቱን ብቻዬን ላለመሸከም «የኔታ፥ ጥራጊው የሁላችንም ነው» ብዬ መለስሁ። እሳቸውም «ጥራጊው የሁላችሁ ከሆነ፥ ሳሉ ስለ ምን የእማሆይ ብቻ ሆነ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቅኔ ሰምቼ ብዙውን ረስቻለሁ፤ ይህ ቃል ግን ከልቤ አልወጣም።

የየኔታን ጥያቄ እንደገና የቀሰቀሰብኝ በሩቅ ባሕር መካከል ባለች ደሴት የደረሰ ነገር ነው። ደሴቲቱ ጃማይካ ናት። በካሪብያን ባሕር የምትገኘው ይህች ደሴት ብትርቅም ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር በጐበኟት ጊዜ ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ወጥቶ ተቀብሏቸዋል፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970፥ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፥ በኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት፥ በዋና ከተማዋ በኪንግስተን ቤተ ክርስቲያናችንን አቋቁመዋል። ስለዚህ በዚያች ከተማ ላይ የወረደው ጭስ እንደ እኛ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው በሚጸልዩ ወንድሞችና እኅቶች ቤት ላይም የወረደ ነው።

በኪንግስተን ምዕራባዊ ዳርቻ ሪቨርተን የሚባል የጥራጊ መጣያ አለ። ስፋቱ ከ40 ሄክታር ይበልጣል፤ ከደሴቲቱ ጥራጊም ከግማሽ የሚበልጠው ወደዚያ ሲጋዝ ኖሯል። በዙሪያው ድኾች ይኖራሉ፤ ብዙዎችም ከክምሩ ብረትና ጠርሙስ እየለቀሙ የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ። በዚህ ስፍራ እሳት በየጊዜው ይነሣል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012፥ በ2015 እና በ2018 የተነሡት ሰፊ ስለ ነበሩ ይታወሳሉ። ከእነዚህም እጅግ የከፋው በ2015 ማርች 11 ቀን፥ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ መጋቢት 2 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት የጀመረው ነው። ጭሱ ከሳምንት በላይ ዋና ከተማይቱንና አጎራባች ቀበሌዎችን ሸፈነ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትንፋሽ ያጠራቸው በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤቶች ሄዱ።

የጃማይካ ሰዎች ስለ ነፋስ የሚሉት አንድ ነገር አለ። ቀን ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰውን ቀዝቃዛ ነፋስ «ሐኪም» ይሉታል፤ ሙቀቱን ያበርድላቸዋልና። ሌሊት ከተራራ ወደ ባሕር የሚወርደውን ግን «ቀባሪ» ብለው ይጠሩታል። በእሳቱ ሰሞን ግን ሐኪሙ ራሱ ሕመም ተሸካሚ ሆነ፤ ከባሕር ተነሥቶ ጭሱን ወደ ሰዎች መኖሪያ ይነዳው ነበርና። እግዚአብሔር ለመድኃኒት የሰጠውን ነፋስ ሰው በገዛ ጥራጊው መርዝ ሲያሸክመው ከዚህ የሚበልጥ ምን የተገለበጠ ነገር አለ?

ይህ ጭስ እንደ ምድጃ ጭስ የሚመስለው ሰው ካለ ነገሩን ጠንቅቆ ይመልከት። የተከመረ ጥራጊ በውስጡ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ሙቀትና ሜቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። በየዕለቱ አፈር ካልለበሰ አየር ይገባበታል፤ አንድ ጊዜ በተቀጣጠለም ጊዜ እሳቱ ወደ ክምሩ ሆድ ይገባና ከላይ ውኃ ቢያፈሱበት ከታች እየነደደ ይቈያል። ስለዚህ እንዲህ ያለው እሳት በውኃ ብቻ አይጠፋም፤ ክምሩን እየቈፈሩ ማቀዝቀዝና በአፈር ማፈን ያስፈልጋል። የሚነደውም እንጨትና ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ጎማ፥ ፕላስቲክ፥ ቀለም፥ የኤሌክትሪክ ሽቦም በአንድነት ይነዳል እንጂ።

ከዚህም የተነሣ በጭሱ ውስጥ ብዙ ዓይነት ጉዳት አለ። የብናኙ መጠን ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ሲሆን፥ ይኸውም ከጠጕር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንስ ማለት ነው፥ እስከ ሳንባ ጥልቅ ወርዶ ወደ ደም ይገባል፤ አስም ያለበትን ያፍናል፥ ልቡ የደከመውን ይጥላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ደም አየር እንዳይሸከም ይከለክላል። አንዳንድ ፕላስቲክ በደካማ እሳት ሲነድ የሚወጣው ዲዮክሲን የተባለው መርዝ ደግሞ ነቀርሳ የሚያመጣ ሲሆን፥ በአፈርና በሣር ላይ ዐርፎ በከብት ወተትና በዶሮ እንቍላል፥ በመጨረሻም በእናት ጡት ወተት ይገኛል። እሳቱ ሲጠፋ ሰው «አለፈ» ይላል፤ መርዙ ግን ለብዙ ዓመታት አያልፍም። ከሁሉም ይልቅ የሚጐዱት ሕፃናት ናቸው፤ ከአካላቸው ጋር ሲመዛዘን ከትልቅ ሰው የበለጠ አየር ይተነፍሳሉና።

መከራውም የጃማይካ ብቻ አይደለም። በማልዲቭ ደሴቶች ጥራጊ ቲላፉሺ ወደሚባል፥ ባሕሩን በጥራጊ ሞልተው ወደ ሠሩት ደሴት እየተጋዘ፥ እስከ 2021 ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል በገላጣ ተቃጥሏል። በሲንት ማርተን ደሴትም መጣያው በከተማው አጠገብ በጨው ሐይቅ መካከል ነው፤ በ2017 ኢርማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የቤቶችን ፍርስራሽ ከጨመረበት በኋላ በተደጋጋሚ ነዷል። በደሴት የሚኖር ሕዝብ ዕቃው በመርከብ ይመጣለታል፤ ማሸጊያው ግን ተመልሶ አይሄድለትም። ምድሩ ጠባብ ስለ ሆነ ጥራጊውን ከዓይኑ አርቆ የሚጥልበት «ሌላ ቦታ» የለውም። እንግዲህ ደሴት ለሁላችን መስተዋት ናት፤ ሰፊ ምድር ያለን ሰዎች የደበቅነውን እውነት እርሷ ታሳየናለችና። የተጣለ ነገር ሁሉ ከሆነ ስፍራ ይደርሳል፤ በዚያም ስፍራ የሚኖር ሰው አለ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ተርተዋል። ይህ ስለ መረዳዳት የተነገረ መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን በደልም እንደዚሁ ይከፋፈላል። አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ የሃምሳ ቤት ጥራጊ በጎረቤቱ ደጅ ቢያቃጥል ሁሉ ይፈርድበታል፤ እርሱም ኅሊናው ይከብደዋል። ሃምሳ ሰዎች ተካፍለው ቢያደርጉት ግን ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆንለታል፤ እንቅልፉንም አይከለክለውም። ልብ አድርጉ፤ ሸክሙ የተከፋፈለው ለተሸካሚዎቹ ብቻ ነው። ጭሱ ለሚወርድበት ሕፃን አልተከፋፈለለትም፤ ሃምሳውም ሎሚ በአንዲት ሳንባ ላይ ይወድቃል። ብዛታችን የበደላችንን ስሜት ያሳንሳል እንጂ በደሉን ከቶ አያሳንስም።

በዚህ ጊዜ ሰው ራሱን የሚያጸድቅባቸው ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው «የእኔ ጥራጊ አንዲት ቅርጫት ናት፤ እኔ ብተው ተራራው አይጐድልም» የሚለው ነው። በእውነቱ አንዲት ቅርጫት ብትቀር ተራራው አይታወቀውም። ነገር ግን ተራራው ከእንደዚህ ያለች ቅርጫት በቀር ከምን ተሠራ? ለምጽዋት ጊዜ «የእኔ ሳንቲም ምን ትረባለች» ብሎ የሚቀር ሰው ቢኖር፥ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም እያነሣን እንገሥጸዋለን። የጥቂት በጎነት ዋጋ ካላት፥ የጥቂት በደልም ዕዳ አለባት።

ሁለተኛው «እኔ መንግሥት ባዘዘልኝ ቦታ ጥዬአለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሹማምንት ሥራ ነው» የሚለው ነው። ሹማምንት ከሌላው የሚበልጥ ዕዳ እንዳለባቸው አይካድም፤ የሥልጣን ወንበር የተሰጠው ጥራጊው አፈር እንዲለብስ፥ ጠባቂ እንዲቆምለት፥ ውኃና መኪና እንዲዘጋጅ ነውና። ይሁን እንጂ ሹሙ ያልሠራውን እያየ ዝም ያለ ሕዝብ ንጹሕ ነው ለማለት አንደፍርም። ጭሱ ወደ ባለጸጎች ሰፈር በደረሰ ቀን ጩኸት ይበዛል፤ በድኾች ሰፈር ብቻ በሚቀርባቸው በቀሩት ቀኖች ግን ጸጥታ ነው። ይህ ጸጥታ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምብናል።

ሦስተኛው «እሳቱን የለኰሰው ለቃሚው ድኻ ነው» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜ ለቃሚዎች ከጎማና ከሽቦ ውስጥ ብረትና መዳብ ለማውጣት እሳት እንደሚያነዱ የታወቀ ነው፤ ይህንም መልካም ነው አንልም። ነገር ግን ክብሪቱን የያዘው እጅ አንድ ሲሆን ማገዶውን የሰበሰበው እጅ ብዙ ነው። ልጆቹን ለማብላት የእኛን ጥራጊ ከሚበረብር ሰው ላይ ሙሉውን ፍርድ መጫን፥ ጥራጊያችንን በጣልንበት ስፍራ በደላችንንም ደግሞ መጣል ነው። ለቃሚው ጭሱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚተነፍሰው እርሱ መሆኑንም አንርሳ።

አራተኛው «መጣያው በፊት ነበረ፤ በአጠገቡ መጥተው የሰፈሩት እነርሱ ናቸው» የሚለው ነው። እንዲህ የሚል ሰው ምርጫ ያለውና ምርጫ የሌለው ሰው አንድ ይመስሉታል። የተሻለ ቦታ የሚከራይበት ገንዘብ ያለው ሰው በጭስ ሥር ልጁን አያሳድግም። ደግሞም ማንም ቢሆን ሰው በአጠገባችን ስለ ሰፈረ እርሱን የመጕዳት መብት አናገኝም።

ሕገ ኦሪት ስለዚህ ነገር የደነገገችው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ጉድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ባለ ጉድጓዱ ዋጋውን እንዲከፍል ታዛለች። ከአንዱ እርሻ የተነሣ እሳት እሾኹን አያይዞ የሌላውን እህል ቢያቃጥል፥ እሳቱን ያነደደው ካሣ እንዲሰጥ ትፈርዳለች። የሕዝቡ ሰፈር ንጹሕ እንዲሆንም እያንዳንዱ ከሰፈር ውጭ ቈፍሮ የወጣውን እንዲከድን ታስተምራለች። ከእነዚህ ሦስት ሕጎች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሰው ነገሩን ከእጁ ስላወጣው ብቻ ከባለቤትነት አይወጣም፤ ያልተከደነው ጉድጓድና በነፋስ የሄደው እሳት ወደ ባለቤታቸው ተመልሰው ይቈጠራሉ። ለበሬና ለእህል እንዲህ ከተፈረደ ለሕፃን ትንፋሽ እንዴት ይፈረድ ይሆን?

ከላይ ያነሣነውን ቀን ደግሞ እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት በዐቢይ ጾም፥ በመጻጕዕ ሳምንት ውስጥ የዋለ ረቡዕ ነበረ። መጻጕዕ በመጠመቂያው ዳር 38 ዓመት ተኝቶ ነበር። ጌታችን ሊፈውሰው በጠየቀው ጊዜ የመጀመሪያ አቤቱታው ስለ ደዌው ጽናት አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነበር እንጂ። በመጠመቂያው ዙሪያ ያለው ሕዝብ ብዙ ሳለ ለእርሱ የሚሆን ሰው ግን አልነበረም። በሪቨርተን ዙሪያ የሚኖረውም ሕዝብ በብዙ መቶ ሺሕ ሰዎች በተሞላች ከተማ መካከል ሆኖ ሰው አጥቷል። የጋራ በደል ትልቁ ክፋቱ ይህ ነው፤ በዳዩ ሁሉ ስለ ሆነ ረዳቱ ማንም አይሆንም።

ይህን ስንል የሌላውን አገር ጉድፍ ለማየት የተነሣን እንዳይመስል፥ በዓይናችን ያለውን ምሰሶ እንናዘዝ። ልክ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት፥ ለመጻጕዕ ሰንበት አጥቢያ ቅዳሜ ማታ፥ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የጥራጊው ተራራ በጎጆዎች ላይ ተናደ። በዚያች ሌሊት ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት አለፉ። በዚያ መከራ የገደለው የተናደው ክምር ነው እንጂ እሳት አልነበረም፤ ሆኖም ክምሩ ከአምሳ ዓመት በላይ ከከተማው ቤቶች ሁሉ፥ ከእኔም ቤት፥ እየተሰበሰበ የሄደ ነው። በቀብሩ ጊዜ አለቀስን፤ ፍትሐት ደረስን። ከዚያ በኋላ ግን ከመካከላችን ስንታችን ነን ጥራጊያችንን በቅርጫት ስናወጣ ያን ሌሊት ያሰብን? እኔ ለራሴ ብዙ ጊዜ አላሰብሁም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ንስሐ ያለ ካሣ፥ ካሣም ያለ ሥራ ፍጹም አይሆንም። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ከጥራጊው ከግማሽ የማያንሰው የምግብ ትራፊና ቅጠል ነው፤ ይህ ተለይቶ በአፈር ቢበሰብስ ለአትክልት ፍግ ይሆናል እንጂ በክምር ውስጥ ጋዝ ሆኖ እሳት አይመግብም። ጃማይካ ራሷ ከ2019 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተይዘው የሚጣሉትን የፕላስቲክ ከረጢቶች በሕግ ከልክላለች፤ ይህም የሕዝብ ንስሐ መጀመሪያ ሊባል ይገባዋል። በየከተማው ያሉ ሹማምንትም ክምሩን በየዕለቱ አፈር እንዲያለብሱ፥ ለቃሚዎችንም ሳያባርሩ በሥርዓት እንዲያሠሩ ሕዝቡ ሳይሰለች ሊጠይቅ ይገባል።

እኛ ካህናት ግን ከቤታችን እንጀምር። በበዓላት ቀን ቅጥረ ቤተ ክርስቲያኑ በጸበል መቅጃና በውኃ መጠጫ ፕላስቲክ ይሞላል፤ ሲመሽም ዘበኛው በአጥሩ ሥር ሰብስቦ እሳት ይለኵስበታል። ከውስጥ የዕጣን ጢስ ወደ ላይ ሲወጣ ከውጭ የፕላስቲክ ጭስ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በአንድ ቅጥር ውስጥ እነዚህ ሁለት ጭሶች ሊስማሙ ይችላሉን? ምእመናን ጸበል መቅጃቸውን ከቤታቸው ይዘው እንዲመጡ፥ የወደቀውም ተለይቶ እንዲሰበሰብ ማስተማር የሚከብድ አይደለም። ለንስሐ ልጆቻችንም ስለ ኀልዮ፥ ስለ ነቢብና ስለ ገቢር ኃጢአት ስንጠይቃቸው፥ ከደጃቸው ስለሚወጣው ነገርና ስለሚደርስበት ሰው መጠየቅን እንልመድ።

ያን ጧት የኔታ በቀኖና ምክንያት አድርገው ያዘዙኝ ነገር ቀላል ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ጥራጊውን ወደ ጉድጓድ እየወሰድሁ አፈር እንዳለብስ፥ በየጧቱም ለእማሆይ ውኃ እንድቀዳላቸው አዘዙኝ። መጀመሪያ ፍርዱ በዛብኝ፤ ጥራጊው የሁላችን ሆኖ ሳለ ለምን እኔ ብቻ ብዬ አጕረመረምሁ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንዱ ባልንጀራዬ ሳይታዘዝ አብሮኝ ይቈፍር ጀመር፤ ቀጥሎ ሌላው ተከተለ። በፋሲካ ጊዜ ማቃጠል ከጉባኤያችን ቀርቶ ነበር። ጭሱ የማን እንደ ሆነ ያወቅነው ስንከራከር ሳይሆን፥ ከመካከላችን አንዱ «የእኔ ነው» ብሎ አካፋ ሲያነሣ ነው።

ቸሩ አምላካችን የትንፋሻችን ጌታ፥ በሩቅም ደሴት በቅርብም መንደር በጭስ ሥር ላሉት ሁሉ ሰው ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።